የሐዘን ድስት

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ሲጮህ ኦዴሳ ፕሩዊት ጫማዋን እያሰረች ነበር። የቀባሪ ቤት ስልክ በማለዳ ለደግ ነገር አይጮህምና «ማን ሞተ?» ብላ አነሳችው። የደወለችው ሉቪኒያ ጋዲ ናት። እህቷን ኧርነስቲንን ከጓሮ በር ደረጃ ሥር ሞታ እንዳገኘቻት ነገረቻት። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ ለቅሶው ገና አልደረሰም።

ኦዴሳ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ መጣሁ» አለቻት። የሰው ልብ ግን ጉድ ነው። ስልኩን ስትዘጋ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን ሳይሆን እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ ኧርነስቲን ከሩቅ ስትመጣ እያየች መንገድ መሻገር የለባትም። ይህን ማሰቧ ሲገባት ማንም ሳያያት ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከጦርነቱ የተመለሱት የሃርሞን ስፕሪንግ ከተማ ጥቁሮችም እንደ ሰው እንቆጠር ማለት ጀምረዋል። የካሮላይና ነጮች በበኩላቸው የጥቁሮች መብት ማኅበር አባል የሆነ ሰው በመንግሥት ደመወዝ እንዳይቀጠር ሕግ አወጡ። በከተማዋ የማኅበሩ ጸሐፊ አስተማሪዋ ኧርነስቲን ነበረች፤ የአባላቱን ዝርዝር የምትይዘውም እሷ ብቻ። ኦዴሳ የአውራጃውን ምስኪኖች የምትቀብረው ከመንግሥት ጋር በገባችው ውል ነውና ውሉን እንዳይነጥቋት ፈርታ በመጋቢት ወር ኧርነስቲን ቤት ሄደች። «ስሜን ሰርዢልኝ» አለቻት። ኧርነስቲን አልተቆጣችም፣ አልመከረችም። «እሺ» ብቻ አለቻት። መንገድ መሻገሩ የተጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ሰባት አስተማሪዎች በአንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ኧርነስቲን ራሷ አንዷ ነበረች። ያም ሆኖ ዝርዝሩ በእሷ እጅ ነበርና ከተማው ፈረደባት። እሷም የተባረረችው ለማስመሰል ነው ተባለ። በቤተ ክርስቲያን የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ፤ ኦዴሳም አልተቀመጠችም።

የሟች ቤት የጓሮ ደረጃ ስድስት ነው። ነጩ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ከኦዴሳ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ከላይ ቁልቁል አየና «አሮጊት ወደቀች» ብሎ ጽፎ ሄደ። ኧርነስቲን ገና አምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ኦዴሳ ግን ሣሩ ላይ ተንበረከከች። ሟች ባሏ «ሬሳ አይዋሽም፤ የሚዋሹት ለቀስተኞች ናቸው» ይል ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዋም ይህን አባባል የሚያፈርስ ነገር አልገጠማትም።

ገላዋ ከእግር እስከ ራሷ ደርቆ ተገትሯል፤ ቀሚሷም በጤዛ ርሷል። እንግዲያው የሞተችው ትናንት አርብ ማምሻውን ነው። አንገቷ ተሰብሯል። እጅጌዋን ሰብሰብ ስታደርገው በሁለቱም ክንዶቿ ላይ የሰው ጣት ምልክት አየች፤ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አጥብቆ ይዟታል። ኦዴሳን ያስገረማት ግን ሌላ ነበር። ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተስቦ ተስተካክሏል። መነጽሯ ታጥፎ፣ ሳይሰበር፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

«ሉቪኒያ፣ ቀሚሷን ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ?»

«አልነካኋትም። እጄ አልታዘዘልኝም።»

«መነጽሯንስ?»

«አልነካኋትም አልኩሽ እኮ።»

ከስድስት ደረጃ ቁልቁል የወደቀች ሴት ጉልበቷን ሸፍና፣ መነጽሯን አጥፋ ኪሷ ከታ አትሞትም። ሰው ነበረ። ያ ሰው ከጣላት በኋላ ገመናዋን ሸፍኖላታል። ኦዴሳ ይህን ለሉቪኒያ አልነገረቻትም፤ ገና ለራሷም አልጠራላትም።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ምግብ መምጣት ጀመረ። ኧርነስቲንን ሲሸሿት የከረሙ ሰዎች ሳህን ይዘው መጡ፤ በዚያ አገር ሰው ተጠልቶም ቢሞት ቤቱ ምግብ ሳይገባ አይውልም። ኦዴሳ እንደ ልማዷ ደብተሯን አወጣች። ማን ምን እንዳመጣ መጻፍና ዕቃውን ለባለቤቱ መመለስ የቀባሪው ሥራ ነው። በመጀመሪያ የደረሰችው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የክሊፍተን ሮድስ ሚስት፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሐዘን ኮሚቴ ሰብሳቢ ድሩሲላ ነበረች፤ ኦዴሳ ከቤቷ ስትነሳ ደውላላት ነበር። ሁለት ዲያቆናት ትልቁን ድስት ተሸክመውላታል፤ በጢስ በደረቀ የአሳማ አጥንት የተቀቀለ ነጭ ቦሎቄ ነው፣ ገና ይጨሳል። ይህ ድስት የሐዘን ድስት ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት የሚወርደው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ለሠርግ እንኳ አይነካም።

ቀጥለው ፓስተር ቲድዌል ከሚስታቸው ኬክ ጋር መጡ። ሉቪኒያን ወደ ጥግ ወስደው፣ ሰው ስለሚያጉረመርም ጸሎቱ መቃብሩ ዳር ቢደረግ ይሻላል አሏት። አራት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ያለችው፣ ከተባረሩት ሰባት አንዷ የሆነችው ወጣቷ አስተማሪ ዜልማ ፒከንስ የተጠበሰ ዶሮ አምጥታ፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ ሳትገባ ተመለሰች።

ሬሳው ወደ ኦዴሳ መኪና ሲገባ ሉቪኒያ ክንዷን ያዘቻት።

«ከመቅደሱ አትገባም አሉኝ። ሰዉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ከዳችን፣ ጸጸቱ ራሷን አስጣላት ነው የሚለው። መሞቷን እችለዋለሁ፣ ኦዴሳ። በዚህ ስም መቀበሯን ግን አልችለውም።»

ስም መቅበር ከሬሳ ይልቅ ቀላል እንደሆነ ኦዴሳ በመጋቢት ወር ራሷ አይታዋለች።

በሥራ ክፍሏ ኧርነስቲንን ልታጥባት ልብሷን ስታወልቅ፣ ከውስጥ ልብሷ ገበር ሥር አንድ ወረቀት ተሰፍቶ አገኘች። ክሩን በጥንቃቄ ፈታችው። ዝርዝሩ ነበር። እያንዳንዱ አባል በገዛ እጁ የጻፈው ሠላሳ አንድ ስም። የራሷ ስም ላይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ዓይኗ እሱ ላይ እንዳያርፍ ቶሎ አሳለፈችው። ከዚያ አስተማሪዎቹን ቆጠረች። ስምንት ናቸው። እንደገና ቆጠረች፤ ስምንት። ደብዳቤ የደረሳቸው ሰባት ናቸው። ስምንተኛው ክሊፍተን ሮድስ ነበር።

ዜልማን በረንዳዋ ላይ አገኘቻት። ደረጃው ሥር ከጠዋቱ የታረደው ዶሮ ላባ አሁንም አልተጠረገም። ልጅቱ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ተፍቼባታለሁ፣ እትዬ ኦዴሳ። ሱቁ በር ላይ፣ ሰው እያየ፣ እግሯ ሥር። መሐረቧን አውጥታ ጫማዋን ጠረገችና "ደህና ዋይ ዜልማ" ብላኝ ሄደች።»

«ትናንት ማምሻውን የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። አንድ ሰው በጓሯ ሲገባና ሲወጣ ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ ግን አላየሁም። ወደ እሷ ቤት ላለማየት ምዬ ነበር።»

«ሌላ ምን ሰማሽ?»

ዜልማ ጣቶቿን ማሸት ጀመረች። «ሴት ስታለቅስ። እሷ መሰለችኝ። እና እትዬ... ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ።»

ኦዴሳ አልገሠጸቻትም። በምን አፏ ትገሥጻት? ኧርነስቲን ያንን ጫማ ስትጠርግ ኦዴሳ ከመንገዱ ማዶ ሆና አይታ ነበር።

ክሊፍተን ሮድስ ቅዳሜም ቢሆን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ወተትና ደረቅ ዳቦ አለ፤ ጨጓራው ከታመመ ወዲህ ከዚህ ሌላ አይቀምስም፣ ጥራጥሬማ ጠላቱ ነው። ትናንት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ምሽት ከአሥራ ሁለት ወንዶች ጋር ስብሰባ ላይ እንደነበረ ነገራት፤ ኦዴሳም ከእነሱ ሁለቱን አስቀድማ ጠይቃ ነበርና እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች።

«ላንተ ለምን ደብዳቤ አልመጣልህም?» አለችው።

«እኔ እኮ አባል አልነበርኩም።»

ወረቀቱን ከፊቱ አኖረችለት። ፊርማውን አየው፤ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ስሜን ማን እንዳስቀረው አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ደብዳቤው ሳይመጣ ሲቀር እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሰባቱ ዕቃቸውን ይዘው በዚህ በር ሲወጡ እጃቸውን ጨብጬ ሸኘኋቸው። ለምን እኔ ብቻ ቀረሁ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።»

«ማኅበሩ የሚሰበሰበው የት ነበር?»

«እኛ ቤት። ድሩሲላ የሎሚ ውኃ...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኦዴሳን ቀና ብሎ አላያትም።

ኦዴሳ ወደ ሟች ቤት ተመልሳ ከድስቱ አንድ ማንኪያ ቦሎቄ ቀመሰች። እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። ደብተሯን ገለጠች። ለድሩሲላ የደወለችው ከቤቷ ስትነሳ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፤ ድስቱ የገባው ሦስት ሰዓት ሳይሆን። ማንኪያውን አጥባ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ የድስቱን ክዳን በቀስታ ከደነችው፤ ይህችን ሴት ትወዳት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምስቱን በቀባሪ ቤቷ እንግዳ መቀበያ ሰበሰበቻቸው፤ ሉቪኒያን፣ ፓስተር ቲድዌልን፣ ዜልማን፣ ክሊፍተንንና ድሩሲላን። ከግድግዳው ወዲያ ኧርነስቲን ታጥባ፣ ለብሳ ተኝታለች። ድሩሲላ ለቀብሩ ቀን ስንት ሳህን እንደሚያስፈልግ መቁጠር ጀምራ ነበር።

«ሳህኑ ይቆይሽ» አለቻት ኦዴሳ። «መጀመሪያ ስለ ሟች የምለው አለ። ኧርነስቲን ማንንም አልከዳችም። ዝርዝሩን ከገላዋ ላይ ነው ያገኘሁት፣ ልብሷ ውስጥ ሰፍታው። በዝርዝሩ ላይ ስምንት አስተማሪ አለ። ለነጮቹ የደረሰው ሰባት ነው። እሷ ብትሰጣቸው ኖሮ ራሷን አውጥታ የቀሩትን ሁሉ በሰጠች። ያወጣው ሰው አንድ ሰው ብቻ ሊያድን ፈልጓል።»

ዜልማ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። እሱ ጫማውን ይመለከታል።

«እሱ አይደለም» አለች ኦዴሳ። «ትናንት ማምሻውን አሥራ ሁለት ምስክር አለው። ደግሞም ሟችን የጣላት ሰው ቀሚሷን ስቦ ሸፍኗታል፣ መነጽሯን አጥፎ ኪሷ ከቶላታል። ወንድ ደንግጦ ይሮጣል። ይህን የምታደርግ ሟች መገነዝ የለመደች ሴት ናት። ዜልማ የሰማችው ለቅሶም የሟች አልነበረም።»

ኦዴሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ደረቅ ቦሎቄ አድሮ ካልተዘፈዘፈ ግማሽ ቀን ቢጣድም ድንጋይ ነው። እኔ ለድሩሲላ ከደወልኩ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የበሰለ ቦሎቄ ደረሰ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ተዘፍዝፏል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተጥዷል።»

ፓስተሩ ጣልቃ ገቡ። «እህት ኦዴሳ፣ ለእሁድ ምሳቸው ጥደው ሊሆን ይችላል እኮ። በቦሎቄ ሰው አይፈረድበትም።»

«ለሁለት ሰው፣ የሠላሳ ሰው ድስት? አንዱ ጥራጥሬ በማይቀምስበት ቤት?» አለች ኦዴሳ። «ደግሞ ድስቱ የቤቷ አይደለም፣ ፓስተር። የሐዘን ድስት ነው። የወጥ ቤቱ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው ያለው። መቼ ሰጧት?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«አርብ ማታ» አሉ። «ሦስት ሰዓት ሳይሆን። እኔ... ከገጠር የሞተ ሰው አለ መሰለኝ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኳትም። በዚህ ሳምንት የማንንም ክፉ ወሬ መስማት አልፈለግኩም ነበር። ጠዋት ሲነገረኝም አላያያዝኩትም፤ ላያይዘው አልፈለግኩ ይሆናል።»

ድሩሲላ የሳህኑን ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። አልካደችም። ይልቅስ የከበደ ነገር ያወረደች ሴት ትመስል ነበር።

«ልብስ ልለካላት ሄጄ ነው» አለች፤ ልብስ የምትሰፋላትን የነጩን የትምህርት ኃላፊ ሚስት ማለቷ ነው። «ወገቧን በመርፌ እየያዝኩ ነበር። "ባልሽ ሥራው ላይ የሚቆይ ይመስልሻል? እስቲ ሌሎቹ እነማን ናቸው?" አለችኝ። ሰባት ስም ነገርኳት። እቤቴ እየመጡ የሎሚ ውኃዬን የጠጡ ሰባት ሰዎች። አንድ ሰው ላድን ብዬ።»

«ኧርነስቲን እንዴት አወቀች?» አለች ሉቪኒያ።

«መቁጠር ትችል ነበራ፣ አስተማሪ አይደለች? አርብ ማምሻውን ጠራችኝ። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "እስከ እሁድ ጊዜ እሰጥሻለሁ፣ ራስሽ ተነሥተሽ ንገሪያቸው" ነው ያለችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት እኔን ብላ ስትሰደብ ከርማለች፣ ለኔ ጊዜ ለመስጠት! ክንዷን ይዤ ለመንኳት። መግፋቴን አላውቀውም። ብቻ ራሴ ስጮህ ሰማሁ፣ እሷ ታች ነበረች።» እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «እንዴት ቤት እንደገባሁ አላስታውስም። ልቤ ሲመለስ እጄ ቦሎቄ ይለቅማል። ሰው ሲሞት የማደርገው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ነው ያደረግኩት።»

ክሊፍተን ሊነካት እጁን ሰነዘረና መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ፣ ለነጭ ሸሪፍ አሳልፈን ልንሰጣት ነው ወይ፣ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ ብለው በጋዜጣ ይሳለቁብናል ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ዜልማ ልትመልስለት ስትል ኦዴሳ እጇን አነሣች።

«ይህን የምትወስነው እህቷ ናት» አለች። «እኔ በዚህ ቤት ውስጥ የመፍረድ ድርሻ የለኝም። ኧርነስቲን ብቻዋን ስትቀመጥ ዓይኔን ያዞርኩ ሰው ነኝ። ስሜን ያሰረዝኩትም ሕጉ ሳይነካኝ፣ ፈርቼ ነው። ማናችሁም አታውቁትም ነበር፤ አሁን እወቁት።»

ሁሉም ወደ ሉቪኒያ ዞሩ። ከግድግዳው ወዲያ የተኛችውን እያዳመጠች ያለች ይመስል ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች።

«እህቴ እስከ እሁድ ሰጥታሻለች» አለች ድሩሲላን። «ከሰጠችሽ ላይ አልቀንስብሽም። ነገ ከመቅደሱ ፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ። ሰኞ በእግርሽ ሸሪፉ ዘንድ ትሄጃለሽ፤ ክሊፍተን፣ አንተም አብረሃት ትሄዳለህ። የሚሳለቅ ይሳለቅ። የእህቴን ስም ግን ትመልሱልኛላችሁ።»

እሁድ ድሩሲላ ቆማ ተናገረች። የጮኸም የረገመም አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የመዝሙር መጽሐፉን እያየ አቀረቀረ፣ ባዶውን የኧርነስቲንን ወንበር ቀና ብሎ ማየት አልቻለምና። ስትጨርስ ክሊፍተን ተነሥቶ «ስምንተኛው እኔ ነኝ» አለ፤ በማግስቱ ሸሪፉ ዘንድ ሲሄዱ የሥራ መልቀቂያው በኪሱ ነበር። ማክሰኞ ኧርነስቲን ከመቅደሱ መካከል ወጥታ ተቀበረች። ለቀብሩ የሚጣደውን ድስት ማን ያውርድ ሲባል ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ዜልማ ሄዳ አወረደችው። ታጥቦ የተቀመጠውን ድስት እንደገና ደጋግማ አጠበችው።

ከቀብር መልስ ሉቪኒያ የእህቷን የትምህርት ቤት ቦርሳ ኦዴሳ ዘንድ ተወችው። ዝርዝሩም አሁን ኦዴሳ ዘንድ ነው። በር ዘግታ ገለጠችውና ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ስም ቆማ አየችው። ሠላሳ አንዱም ስም በቀለም ተጽፏል። በእሷ ስም ላይ የተሰመረው መስመር ግን በእርሳስ ነበር፤ ኧርነስቲን እጇን ሳትጫን፣ በቀስታ ያሰመረችው። ከቦርሳው ውስጥ ከልጆች ስህተት ብዛት ሊያልቅ የደረሰ ላጲስ አገኘች።

ሁለት ጊዜ ብታሸው መስመሩ ጠፋ። ስሟ እንዳለ ነበር። ኦዴሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ሬሳ በሞላበት ቤት ለሠላሳ ዓመት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ከወረቀቱ ግርጌ «ጸሐፊ» ከሚለው ቃል ጎን ኧርነስቲን ጋዲ የሚል ፊርማ አለ። ዓይኗን ጠርጋ ብዕሯን ቀለም ነከረችና፣ ከእሱ ሥር ኦዴሳ ፕሩዊት ብላ ጻፈች።